ከሁለቱ የቱ ነው ሜታሉል?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12፣ 2008

ታክሲዬን ይዤ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ዋልኩ። ሥራ የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ ሜፕልዉድ አለችኝ፣ ቤቴ በር ማለት ነው። እሷን አድርሼ በዚያው ገባሁ። ሚስቴ ፀጋ ሆስፒታል ሥራ ላይ ናት፣ ተራዋ ነው። ልጄ ሩት ኮምፒውተሩን ይዛዋለች። ምሳ በልተሻል? ስላት በእንግሊዝኛ «ያ» አለችኝ። ሙሉ ቃል እንኳ አይደለም።

ነገ እሁድ... ጓደኛዬ ሰሌ ይመጣል። የኳስ ክለባችን ሜታሉል አዲሱን ሲዝን ሊጀምር ነው፤ ማንን ገዙ፣ ማንን ለቀቁ እያልን እንውላለን። ፀጋ ዛሬ ጠዋትም ስቃብኛለች። «ሰው ማንቸስተር ይደግፋል፣ አርሴናል ይደግፋል። እናንተ ይሄን ከየት አመጣችሁት?» ከየት እንደሆነማ ታውቃለች። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሮማኒያ ሲልኩን ሌላው ቡካሬስት ቀረ፣ እኔና ሰሌ አንዲት የብረት ፋብሪካ ያለባት የክፍለ ሀገር ከተማ ደረሰችን። ቫዱ ሮሹ። ዶርሙ አይሞቅም፣ ዳቦው በሰልፍ ነው። እሁድ ግን ስታዲየም አለ። ከጎሉ ጀርባ፣ የፋብሪካው ሠራተኞች መሀል፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልን። ሮማንኛ የተማርነው ዳኛ በመስደብ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

በዚህ ከተማ ስለ ሜታሉል ቫዱ ሮሹ እንቅልፍ የሚያጡ ሁለት ሰዎች ነን። በዚህ አህጉር ብል ይሻላል።

እሁድ፣ ጁላይ 13

ሰሌ ሳይቀመጥ ጀመረ። «ሸጡት» አለኝ።

«ማንን?»

«ሜታሉልን። ባለቤቱ ሊጉ ላይ ያለውን ቦታ ሸጠው።»

ቦታ ይሸጣል እንዴ? ሩትን ከኮምፒውተሩ አስነስተን አነበብን። የገዛው ሰውዬ ተጫዋቾቹን፣ ዓርማውን፣ ስሙንም ጭኖ ጥቁር ባሕር አጠገብ ወዳለች ሀብታም ከተማ ወስዶታል። እዚያም ሜታሉል ነው የሚባለው። ሜዳውና ሰዉ ቫዱ ሮሹ ቀርቷል። የቀሩት ደጋፊዎች ተሰብስበው ሌላ ክለብ አቋቁመዋል፤ አራተኛ ዲቪዚዮን፣ ስሙ ዩኒሬያ።

ታዲያ የኛ የትኛው ነው?

ሰሌ አላመነታም። «ዩኒሬያ ነዋ። ክለብ ሰው ነው። ሰዉ ደግሞ እዚያ ነው ያለው።»

እኔ እንጃ። ስሙና ዋንጫው ያለው ባሕሩ ጋ ነው። አገር ለቀቀ ተብሎ እሱነቱ ይቀራል? እኔ ሚኒሶታ ስለመጣሁ ቂርቆስ መሆኔ ቀረ? እንዲህ ብዬ ስነግረው ሳቀ። «አንተ በእግርህ መጣህ፣ እሱ ተሽጦ ሄደ» አለኝ።

ይሄን ሳስብ ዋልኩ፣ ሌላ ነገር አልሠራሁም። ራሴን አመመኝ።

እሁድ፣ ጁላይ 20

ዛሬ ከፋ።

ሰሌ ያው የባለፈውን ነው ያለው። «ሜዳው ያው ነው፣ ማልያው ያው ነው፣ ሰዉ ያው ነው። ስሙን ብቻ ነው ቼንጅ ያደረጉት።»

«ስም ብቻ?» አልኩት። «ስሙን የቀየረ ሌላ ነው። እኔ የማውቀው ሜታሉልን ነው። ይሄን አዲሱን አላውቀውም፣ አለቀ።»

የሻዩን ስኒ ገፋ አደረገ። «እውነትህን ነው?» አለኝ። «እንዴታ» አልኩት። ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ «ሥራ አለብኝ» አለ። የሚሠራበት ሻኮፒ ያለው መጋዘን እሁድ እንደማያስገባው እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

ለአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ተብሎ ሰው ይኮረፋል?

እሁድ፣ ጁላይ 27

አልመጣም። ስደውል አያነሳም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

ፀጋ «ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ድስቱን አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ።

«ስሙን የቀየረ ሌላ ነው? ለሱ ነው እንዲህ ያልከው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ... ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ሰሌ የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ስሙን ቀይሯል። ሰሎሞን ነበር፣ አሁን ወረቀቱ ላይ ሆርዶፋ ነው። እኔ ግን ሰሌ እንዳልኩት አለሁ። ተቆጥቶኝም አያውቅም። ስለ እሱ መቼ አወራሁ? ስለ ኳስ ነው ያወራሁት። ስለ ኳስ አልነበረም?

«አንተ ብትሆን ምን ይሰማሃል?» አለች ፀጋ። ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። እኔ ስም ቀይሬ አላውቅም።

እሁድ፣ ኦገስት 3

ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ሰሌ ቤት ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቶ እስከ ላይ በእግሬ ወጣሁ። አንኳኳሁ፣ ጠበቅኩ። ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል። አልከፈተም። ወረድኩ።

ፈራሁ፣ እውነቱን ልጻፈው። ሚስቴ ቫዱ ሮሹን አታውቅም። ልጄ አታውቅም። ያ የቦይለር ሠራተኛ ሽማግሌ ካፖርቱን አልብሶን ጨዋታ እንዳየን፣ ፋብሪካው ሲያጨስ በረዶው ጥቁር እንደሚሆን፣ ያን ሁሉ አብሮኝ ያየ ሰሌ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ለማን «ታስታውሳለህ?» እላለሁ? ብቻዬን የማስታውሰውን ነገር እውነት ነበር ብዬ እንዴት አምናለሁ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

የማላውቀው ነገር ወጣ። የደጋፊዎቹ ዌብሳይት ላይ የክለቡን ታሪክ አነበብኩ፣ ሮማንኛዬ ዝጓል፣ ሁለቴ ደገምኩት።

በ1921 ሲቋቋም ስሙ ዩኒሬያ ነበር። የባቡር ሠራተኞች ናቸው ያቋቋሙት። ከጦርነቱ በኋላ ኮሚኒስት ፓርቲው መጣና ሎኮሞቲቫ አለው። ፋብሪካው ሲሠራ ደግሞ ሜታሉል ተባለ፣ ያውም የጎረቤት ሰፈር ክለብ ተቀላቅሎበት። ማን ጠየቃቸው? ማንም።

እንግዲህ ዩኒሬያ አዲስ አይደለም። አሮጌው እሱ ነው። እኔ «የማውቀው» የምለው ሜታሉል ከላይ የተለጠፈበት ነው። ግን ዋንጫውን የበላው ሜታሉል ተብሎ ነው! እኔስ የጮህኩት ሜታሉል ብዬ አይደል? ያ ጩኸት ሐሰት ሊሆን ነው?

ግራ ገባኝ። ለሰሌ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፣ ከልማድ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ፀጋ ሽማግሌ ይዛ ነው የመጣችው። በኔ በኩል ከቤተ ክርስቲያን አቶ ሙላው፣ በሱ በኩል ጎረቤቱ አቶ ቶኩማ። ሰሌም ሽማግሌ አልረግጥም ብሎ መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላ ጊዜ እግሩን የሚሰቅልበት ሶፋ ላይ።

አቶ ሙላው ጸሎት አድርሰው «እንግዲህ ነገሩን ንገሩን» አሉ። ነገርኳቸው። ሊጉን፣ ባሕሩን፣ አራተኛ ዲቪዚዮኑን። ሁለቱም ታገሡኝ።

«ጥሩ» አሉ አቶ ሙላው። «አሁን ደግሞ እውነተኛውን።»

«ይሄው ነው።»

«ልጅ ያደረሳችሁ ሰዎች በኳስ አትጣሉም። ቢዝነስ አለ? ፖለቲካ ነው? አትፈር፣ እኛ ያልሰማነው የለም።»

ማልኩላቸው። ባሰባቸው። ሰው የሚምለው ሲደብቅ ነው። አቶ ሙላው ነገሩን እንደ ውርስ ሊዳኙት ሞከሩ፤ ቤቱን የያዘው ልጅ ይሻላል ወይስ የአባቱን ስም የያዘው? ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ጠፋባቸው፣ «የትኛው ነበር ባሕር ጋ ያለው?» አሉ።

አቶ ቶኩማ ብዙ አይናገሩም። ሻይ ሲጠጡ ቆይተው ወደኔ ዞሩ። «ሆርዶፋ እናቱ ያወጣችለት ስም ነው» አሉኝ። «ሰሎሞን አንደኛ ክፍል ሲገባ አስተማሪው ለራሱ አፍ ስለቀለለው የጻፈለት ነው። ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር። የቀየረ ነበር የመሰለኝ። ለካ የመለሰ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ያን ጊዜማ እኔም ሰሎሞን ነኝ ብዬ ነበር» አለ። ድምፁ ቁጡ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ሙላው ሥራ ያገኙ መሰሉ። «በል ተነስና ይቅርታ ጠይቅ።» ተነሳሁ። ልቤ ሞልቷል፣ ብዙ ልል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው «ሰሌ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ነው።

ሰሌ! ፀጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ሽማግሌ ፊት ሌላ ምን ይላል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ምሳ ተበላ፣ አቶ ሙላው መረቁን። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ ከበር እንደወጡ አቶ ሙላው «ፖለቲካ ነው ብዬህ አልነበር?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ታረቅን? እኔ እንጃ።

እሁድ፣ ኦገስት 24

አልመጣም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሆርዶፋ፣ ሆርዶፋ እላለሁ። አፌ ሰሌ ማለት ለምዷል፣ እጅ ማርሽ እንደሚለምደው። የኋላዬ ሾፌር መጥቶ መስኮት አንኳኳ። «ማንን ነው የምትጣራው? ወረፋህ እኮ ሙቭ አድርጓል።»

ሰሌን ማጥፋት አልፈልግም። ካፖርቱን አብሮኝ የለበሰው ሰሌ ነው። ግን እሱ ራሱ ትቶት እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ የምይዘው? የሰው ስም እኮ የጠሪው አይደለም። ወይስ የጠሪውም ነው?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዩኒሬያ ዛሬ የመጀመሪያ ጨዋታውን በአሮጌው ሜዳ አደረገ። በቴሌቪዥን የለም፣ ማን ያሳየዋል። የደጋፊዎቹ ዌብሳይት ላይ አንድ ሰው እያየ ይጽፋል፣ እኔ እዚህ ቁርሴን ይዤ አነባለሁ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። አሸነፍን ብዬ ጻፍኩ... ይሁን።

የቆምንበት ቦታ፣ ከጎሉ ጀርባ፣ ፎቶ ለጥፈዋል። ሳሩ አድጓል። ሰዉ አርጅቷል። አለቀስኩ፣ ሞኝ ነኝ።

ደወልኩ። እንደማያነሳ አውቄ ነው። አነሳው።

«ማን ልበል?» አለኝ፣ ቁጥሬን እያየ።

«ሆርዶፋ፣ ቂርቆስ ነኝ።»

ወጣ። ሳልዘጋጅ፣ ዝም ብሎ ወጣ። የዘጋው መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ስንት ለስንት?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ለአንድ። ዩኒሬያ።»

«እንዴ፣ ዩኒሬያን ነው ያየኸው?»

«አንተስ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሜታሉልን ነው ፎሎ የማደርገው። ምን ላድርግ፣ ልጆቹ እኮ እዚያ ናቸው። ያ በረኛ የኛ ልጅ ነው፣ ቫዱ ሮሹ የተወለደ። ባሕር ጋ ወሰዱት ብዬ ልጥለው?»

«አንተ አይደለህም ክለብ ሜዳው ነው ያልከኝ?»

«ክለብ ሰው ነው ነው ያልኩህ። በረኛው ሰው አይደለም?»

ጮህኩበት፣ ጮኸብኝ። በረኛውን ለክለቡ፣ ክለቡን ለከተማው፣ ከተማዋን ለፋብሪካው... ሁለታችንም የት እንደቆምን ጠፋብን። መሀል ላይ በሮማንኛ ሰደበኝ፣ በዚያ ለዳኛ በተማርነው ስድብ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። «ነገ መጥቼ አስረዳሃለሁ» ብሎ ዘጋው።

ሩት ከክፍሏ ብቅ አለች። «ዳድ፣ ሁ ወር ዩ የሊንግ አት?» ማን ላይ ስትጮህ ነበር ማለቷ ነው።

«ሆርዶፋ ላይ።»

«ሁ ኢዝ ሆርዶፋ?»

ከተወለደች ጀምሮ ጋሽ ሰሌ ነው የምትለው። በዚህ ቤት ሌላ ስም ሰምታ አታውቅም፣ ከማን ትሰማለች። ነገ ሲመጣ ጋሽ ሆርዶፋ በይው አልኳት። ሞከረችው፣ ከኔ ይልቅ አፏን ቀለላት። ከዚያ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ።

አላውቅም። ሃያ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም አልኳት።