ያልሰረቅናት ሩብ ሰዓት

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ የትምህርት ቤቶች ፈተና ቦርድ የሰዓት ቀጠናዎች ጉዳይ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? መቼም ዓለምን በሙሉ በሰዓት ሸንሽኖ ለእያንዳንዱ ሽንሽን የተለየ ፈተና የሚያድል ሰው ድካሙ ብዙ ነውና፣ እኔና ቤተሰቤ ከኔፓል፣ ከፓታን ከተማ፣ ከመዳብ አንጥረኞች ሰፈር፣ ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እንመኝልዎታለን። ስምዎን ጠርቼ ሰላም ብልዎ ደስ ባለኝ ነበር። ዳሩ ግን ከእርስዎ ዘንድ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች «የእርስዎ ታማኝ» ብለው ይጨርሳሉ እንጂ ታማኙ ማን እንደሆነ አይናገሩም።

እኔ ቡፔንድራ ታምራካር እባላለሁ፤ የውሃ ማሰሮና ድስት ቀጥቅጬ የማድር ሰው ነኝ። ልጄ ሱቢና ባለፈው ግንቦት የእርስዎን የሒሳብ ፈተና ከተፈተኑት የሰፈራችን ልጆች አንዷ ናት። ጃፓን፣ ኦሳካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወጪዋን ሙሉ በሙሉ ችሎ የግንባታ ምህንድስና ሊያስተምራት ተስማምቶ፣ የሚጠብቀው የእርስዎን ውጤት ብቻ ነበር። ለምን ግንባታ ቢሉ፣ ቤታችን ከትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ በሦስት የእንጨት ድጋፎች ተይዞ የቆመ ነው። ልጅቷ ያደገችው ከእነዚያ እንጨቶች ሥር ደብተሯን ዘርግታ ሲሆን፣ ገና በትንሽነቷ ቀና እያለች ይህ ግድግዳ ወዴት እየገፋ እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር። እኔ ድስት እንጂ ቤት የማውቅ ሰው አይደለሁም።

ደንባችሁ ቅሬታ በተራ ቁጥር ይቅረብ ስለሚል፣ እነሆ በተራ ቁጥር።

አንደኛ፦ ይህኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በምሥራቅ ቀድሞ የተፈተነ ልጅ በምዕራብ ላለው እንዳያሾከሹክ ብላችሁ ለየቀጠናው የተለየ ጥያቄ ማውጣታችሁን ልበ ቅን የሆነ ሰው ሁሉ ይደግፈዋል። የሁሉም ቅጂ ክብደት እኩል ነው ማለታችሁንም አምነን ተቀብለናል። ከእኛ በስተምሥራቅ ላሉት ልጆች ስለ ጫማ ዋጋ ቅናሽ በተጠየቀበት ቦታ፣ ባሕር ለሌለን ለእኛ፣ ወደብ ላይ ስለሚወጣና ስለሚወርድ የባሕር ውሃ ደረሰን። ሱቢና ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ሠርታው መጥታ፣ እራት ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚሞላ በምስር ሳህኗ አሳየችን፤ እናቷም ምስሩ ቀዘቀዘ ብላ ተቆጣቻት።

ሁለተኛ፦ ወደ ሰዓቱ ልምጣ። መመሪያችሁ ፈተናው በየአካባቢው ሰዓት ልክ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እንዲጀመር ያዛል። ርዕሰ መምህርቷ፣ ሁላችንም ሻርሚላ ሚስ የምንላት፣ ቃል የማታጓድል ሴት ናትና፣ የልጆቹን ስልክ ሰብስባ ከትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ባስመጣችው ሞሞ የተባለው የሊጥ ጥቅል የሚቀቀልበት ድስት ውስጥ ከትታ፣ ድስቱን ቢሮዋ ቆልፋበት፣ በካትማንዱ ሰዓት ሰባት ሲሞላ የፈተናውን ፖስታ ከፈተች። የኔፓል ሰዓት ከሕንድ ሰዓት በሩብ ይቀድማል። ይህን እኛ ለእርስዎ ፈተና ብለን የፈጠርነው ሳይሆን አባቶቻችንም የኖሩበት ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ሩብ ሰዓት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ከሕንድ ጋር በአንድ ቀጠና፣ በአንድ ቅጂ ደርቦን፣ ፖስታው የተከፈተበትን ሰዓት በሕንድ ሰዓት፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ብሎ አነበበው። ከዚያም ፖስታውን አስራ አምስት ደቂቃ አስቀድማችሁ ስለከፈታችሁ ጥያቄው ለሌሎች የቀጠናው ተፈታኞች ሊደርስ ይችል ነበር ተብለን፣ የልጆቹ ሁሉ ወረቀት ተሰረዘ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህም ቢሆን ላመሰግንዎ ይገባል። ዓለም እኛን የሚያውቀን በማርፈድ ነው። አውቶቡሳችን ያረፍዳል፣ ሙሽራችን ያረፍዳል፣ ሕገ መንግሥታችን እንኳ ስንት ዓመት አርፍዶ ነው የመጣው። ቀድማችሁ ተገኛችሁ ተብለን ስንከሰስ ይህ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ነገሩን ሲሰማ ምላጩን አስቀምጦ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ፣ ለዚህ ታሪክ አደባባይ ላይ ሐውልት ሊቆምልን እንደሚገባ ነገረኝ። እኔም አብሬው ስቄ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ይግባኝ የሚባል ነገር መኖሩን አምን ነበርና።

ሦስተኛ፦ ይግባኙ። የይግባኝ ማቅረቢያ ገጻችሁ ከሁሉ በፊት የሰዓት ቀጠናችሁን ምረጡ ይላል። ከተደረደሩት ውስጥ የእኛ የለም፤ ሳይመርጡ ደግሞ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። ሻርሚላ ሚስ ከገጹ ጋር ስትታገል ውላ፣ የይግባኙ ቀን ሊያልፍባት ሲል፣ ምን ታድርግ፣ ለእኛ የሚቀርበውን የሕንድን መረጠች። ከዚያ በታች ስለ ሩቧ ሰዓት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። እርስዎ ያንን ገጽ አነበቡት አላነበቡት አላውቅም። ሦስተኛው ደብዳቤዎ ግን ትምህርት ቤቱ የሚጠቀመው የሕንድን ሰዓት መሆኑን በራሱ ይግባኝ ላይ ስላረጋገጠ ጥፋቱ የተረጋገጠ ነው፣ ጉዳዩም ተዘግቷል ይላል። ጉድ እኮ ነው! ከሳሹ ራሱ ዳኛ ሲሆን አይተን እናውቃለን፤ የተከሳሽን የእምነት ቃል በተከሳሹ በራሱ ጣት ማስጻፍ ግን ለእኛ አዲስ ጥበብ ነው። ከዚያ ወዲህ ብንጽፍም ብንደውልም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብናል።

ያን ደብዳቤ ሱቢና ቆማ አነበበችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። «ባባ፣ እነሱ ዘንድ እኮ የእኛ ሰዓት የለም» አለችኝ። «በሌለ ሰዓት የተፈተነ ሰው ደግሞ አልተፈተነም።» ቀጥላም ደብዳቤውን ለእናቷ አቀብላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ይህን ቃሏንም ከቅሬታዎቹ ጋር ይመዝግቡልኝ።

አራተኛ፦ ኦሳካዎች ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ቀን አራዘሙልን፣ ሁለተኛም አራዘሙልን፣ በመጨረሻ አዝነው ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጡ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። እርስዎም በዚያው በሦስተኛው ደብዳቤዎ የሚመጣውን ዓመት ፈተና እንደገና እንድትወስድ በደግነት ጋብዘዋታልና ከልብ እናመሰግናለን። ግብዣው ላይ የፈተናውን ቀጠና አየሁት፤ አሁንም ከሕንድ ጋር ነን።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩት ነበር፤ ትቼዋለሁ። ይልቅ ደስ የሚልዎትን ልንገርዎ። ሱቢና እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ለኮሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚመረጥበትን የቋንቋ ፈተና ተፈተነች። እዚያም ተፈታኙ ብዙ ስለሆነ ለየተራው የተለያየ ጥያቄ ይወጣል። ፈተናው ግን በእኛው ሰዓት፣ ሩቧ ሳትጎድል ተጀመረ። ለፋብሪካ እጅ የሚፈልጉ ሰዎች ሰዓታችንን አያጡትም። አለፈች። የፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ መርጧታል፤ ከበዓሉ በኋላ ትሄዳለች።

በዓሉ ዳሳይን ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ገናም አላለቀም። በዋናው ቀን ታላቅ ለታናሽ ግንባር ላይ ቀይ ቀለምና ሩዝ ለጥፎ ይመርቃል። እኔ ሱቢናን በየዓመቱ የምመርቃት ተምረሽ ትልቅ ሰው ሁኚ ብዬ ነበር። ዘንድሮ እጄ ግንባሯ ላይ እንዳለ ያ ምርቃት ከአፌ አልወጣ አለ። በሰላም ተመለሽ አልኳት፤ ይህ እኛ አገር ለሥራ ለሚሰደዱ ልጆች የሚባል ምርቃት ነው። እሷም ገብቷት ጎንበስ ብላ እግሬን ነካች።

ከእርስዎ ምላሽ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ቢመጣም ቦታዋ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩት ሌላ ለማን እንደምጽፍ ስላጣሁ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርዎ ከማያውቃት አገር ሆኜ፣ ሁልጊዜም አስራ አምስት ደቂቃ አስቀድሜ የማከብርዎት፣

ቡፔንድራ ታምራካር
የመዳብ አንጥረኛና የሱቢና አባት
ፓታን

ማስታወሻ፦ ልጄ ትናንት ቤቱን ዞራ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ስትነካካ ዋለች። የመጀመሪያውን በክረምት ሳይበሰብስ ቀይረው፣ ሁለተኛው ገና ይቆያል አለችኝ። ስለ ሦስተኛው ግን አላውቅም፣ ያንን ኦሳካ እማራለሁ ብዬ ነበር አለች። እንግዲህ ያ ግድግዳ የወደቀ ዕለት ሰዓቱን መዝግቤ በትሕትና አሳውቅዎታለሁ፤ በማን ሰዓት ልመዝግበው እንደሚገባኝ ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ።