ከዛሪማ የመጣው ጭቃ

ምንይችል፣

ወደ ዛሪማ ሄጃለሁ። የጠዋቱ መኪና እንዳያመልጠኝ እየተቻኮልኩ ነው የምጽፍልህ።

ውሃ ሐሙስ ይመጣል፤ በርሜሉን ሙላው። ሽሮው ቆርቆሮው ውስጥ አለ። የቤተ መጻሕፍቱን ሁለት መጻሕፍት መልስልኝ።

ትናንት አራዳ ገበያ ላይ የአገራችንን የዛሪማን ነጋዴ አያ ውዱን አገኘሁት። «እግዜር ያጽናሽ፤ አባትሽ ሸጋ ሰው ነበር። ባልሽም ደርሶ አስከሬኑን ተሸክሟል» አለኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የአባየን መርዶ እንደዚያ ሰማሁት፤ ከተቀበረ በሦስት ሳምንቱ።

ሽማግሌ ሰብስበህ ልታረዳኝ ፈተናዬን እስክጨርስ እየጠበቅህ እንደነበር አከራያችን እትዬ አመተ ሥላሴ ነገሩኝ። እሳቸው እንኳ ያውቁ ኖሯል! ስልኬን «ተበላሽቷል፣ ላሠራው» ብለህ የወሰድኸውም ለዚሁ ነው።

ለእኔ ብለህ መሆኑ አይጠፋኝም። ማስተርሴን ልማር ብዬ ሥራህን አስለቅቄ ጎንደር ያመጣሁህ እኔ ነኝ። ለዚያ ይቅር በለኝ።

ለዚህኛው ግን

መኪናው ይሄድብኛል።

የመጨረሻው ፈተና ነገ ነው። አልፈተንም።

«ሥራ ፍለጋ ደባርቅ ሄጄ ነበር» ብለህ የተመለስህ ዕለት ጫማህ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ደክሞሃል ብዬ እኔ አጠብኩልህ። ከአባየ ቀብር ለእኔ የደረሰኝ ያ አፈር ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ደጅ ደፋሁት።

ጽጌሬዳ