ከሙላት ያስታረቀህ ግራ እጅህ

አያሌው ጌታዬ፣

አፈር ከለበስህ ስምንት ወር አለፈህ። ቤቱ ደህና ነው። በርበሬው ቀልቷል። ትልቋ ልጃችን ሴት ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምን ይደረግ። ዘንድሮ በቆሎውን ያረሰልን ማን መሰለህ? ጎረቤታችን ሙላት! ሰምተህ ከመቃብርህ ቀና እንዳትል።

ያ በሽታ ባይመጣ ይህ አይሆንም ነበር። ስትሮክ መትቶህ ከተነሣህ በኋላ፣ ቀኝ እጅህ የሸሚዝህን ቁልፍ ሲቆልፍ ግራው ከሥር ከሥሩ ይፈታው ጀመር። ሰዉ "ዛር ነው" አለ። ፍኖተ ሰላም ብወስድህ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳን፤ አንጎል ለሁለት የተከፈለ ነው፣ በመሐል ወሬ የሚያመላልስ ወፍራም የነርቭ ጥቅል አለ፣ ያንተው ተጎድቷል፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ያሰበውን ሌላው አይሰማም። አንተም ትክ ብለህ አይተኸው "ታዲያ ግራ እጄ የሚታዘዘው ለማን ነው?" ብትለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ያን ሰሞን ነው ሽማግሌዎቹ ከሙላት ሊያስታርቁህ የመጡት። በአንድ ክንድ መሬት ዐሥራ ሁለት ዓመት ተኳርፋችኋል። "ሞቼ ነው የምጨብጠው!" ብለህ ቀኝ እጅህን ጋቢህ ውስጥ ወሸቅህ። ግራው ግን ብድግ ብሎ የሙላትን እጅ ለቀም! አልለቅም አለ። አብረዋቸው የመጡት ቄስም "እግዜር ያያያዘውን ማን ያላቅቃል፤ ጠላ ቅዱ!" አሉ። "አባ፣ የታረቀው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" እያልህ ብትጮኽ፣ ሙላት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ይኼኔ አንተም አላስቻለህም፤ አንገቱን አቅፈህ ሳምኸው። በቀብርህ ዕለት ቃሬዛህን ከፊት ተሸክሞ፣ ሰው ልቀበልህ ቢለው እምቢ እንዳለ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

እኔ ግን የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር ሰው ፊት ነክተኸኝ አታውቅም። አንድ ቀን ከቡሬ ገበያ ስንመለስ፣ ያ ሁሉ ገበያተኛ እያየ፣ ግራ እጅህ እጄን ያዘ። አንገትህን ደፍተህ "እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው" አልኸኝ። ያመንሁህ መስዬ አብሬህ መንገዴን ቀጠልሁ።

ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ። የልጅ ልጅህም ነፍስ ስታውቅ ሁሉንም እነግራታለሁ። ያችን መንገድ ግን ለራሴ አስቀራታለሁ፤ እስከ ቤታችን ድረስ ቀኝ እጅህ ሥራ ፈቶ ነበር፣ ላስለቅቅሽ ብሎ አንዴም አልመጣም።

ያንተው ጥሩነሽ