እሁድን የሚጠብቅ ክር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ የምገጣጥመው የኤሌክትሪክ ጊታር ሥራ አስቆመኝ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ የድምፅ ማስተካከያው በደረቱ ቀዳዳ ገብቶ፣ በክር እየተሳበ ከውስጥ በራሱ ትንሽ ቀዳዳ ብቅ ማለት አለበት። ክሩን ነፍሷን ይማርና ከባለቤቴ የስፌት ሣጥን ወሰድኩ። አንዱ ክሩን ሲስብ ሌላው ጊታሩን መያዝ አለበት። ከእኔ በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቃ አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው ልጄ ደወልኩ።

"ኦኬ አባዬ፣ ሰንዴይ መጥቼ እይዝልሃለሁ። እስከዚያ እንዳትሰብረው!" ብላ ሳቀች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክሩን በጥርሴ ይዤ ብሞክር ማስተካከያው ብቅ አለ። ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ ቀረኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። ክሩን ለቀቅ ሳደርገው ማስተካከያው ተመልሶ ገባ። የክሩን ጫፍ እስከ እሁድ እንዲቆይ ጊታሩ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ለጸሎት ስቆም ነገሩ መጣብኝ። ብቻዬን እንደቻልኩት ለልጄ አለመንገሬም ውሸት ይሆን? ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ። ከጸሎት በኋላም ክሩን አልሳብኩትም።