ያስቆረጥኩህ ወፎች

የልጅህ ጉልላት ሊሰቀል ነው። ሰባት የቆርቆሮ ወፎች ዙሪያውን ተንጠልጥለውበታል፣ ቄሰ ገበዙም አይተው ተቀብለውታል።

ይኸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ለፈለፍኩ። ተሰማ፣ የኔ ዓለም፣ ሞት ከለየን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አፌ ግን እንደተውከው ነው።

እኛ እዚያው ሰባተኛ ሰፈር ነን። ለጃንሆይ ልደት ሰሞን መብራት ገባልን፤ ጎረቤቱም ስላስገባ ኩራዝ የሚጠይቅ እየጠፋ ነው። መዶሻህን ልጃችን አስቴር ይዛዋለች። ሴት ልጅ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሆነች ብለው ሳቁብን፤ ጣሳቸው ሲያፈስ ግን የሚመጡት እሷው ጋ ነው።

ያን ቀን መቼም አትረሳውም። የደብሩን ጉልላት ጨርሰህ፣ ከተረፈው ላሜራ ማንም ያላዘዘህን ሰባት ወፎች ቆርጠህ አንጠለጠልክበት። ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። ምን ሊሆን ነው ብልህ፣ «ኩራዙን እጄ ያውቀዋል፤ ይሄን ግን ስጨርሰው ነው ያወቅኩት» አልከኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል የደረስኩት አዋቂ፣ መጫወቻ ማን አዘዘህ ይሉሃል፣ ሥራውንም ይነሱሃል ብዬ ወጥሬ ያዝኩህ። መቀሱን አነሳህ። ሰባቱንም የኩራዝ እጀታ አደረግካቸው።

ቄሰ ገበዙ በማግስቱ መጥተው ጥሩ ሞያ ነው ብለው ወሰዱት። እሳቸው ወፎቹን መች አዩና እምቢ ይላሉ? እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከኩራዝና ከጣሳ ሌላ አልሠራህም። እኔም አንድ ቀን እንኳ፣ እስቲ ደሞ ያንን ሥራልኝ አላልኩህም።

ባለፈው ክረምት ያንን ጉልላት ነፋስ ገነጠለው፤ እንደ ድሮው አድርጉልን ብለው መጡ። አስቴር እንደ ድሮው አድርጋ ጨረሰችና ወፍ መቁረጥ ጀመረች። ለካ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከእግርህ ሥር ቁርጥራጩን ስትለቅም አይታቸው ኖሯል። ተይ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁትም። እኔ አፌን ስዘጋ አስበው። ቄሰ ገበዙ ወፎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «እንቅልፋም ዲያቆኖቼን ይቀሰቅሱልኛል» ብለው ሳቁ።

ያንተዎቹ አይደሉም፣ የሷ ናቸው፤ ክንፋቸው ሰፋ ይላል። ያንተን ያየነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ነፋስ በመጣ ቁጥር አስባቸዋለሁ፣ ለቆመ ለተቀመጠውም ያንተን ወፎች እነግራለሁ። ዘመድ ጎረቤቱን፣ የሳቁብንንም ሳይቀር ጉልላቱ ሲሰቀል እንዲያዩ ጠርቻለሁ። ማንም እንዳይቀር፣ አንተም ብትሆን፤ ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።