እንደ ሻርፑ ነው የምሄደው

ውድ ሳያት፣

ሰላምታውን ለእህትሽ ለትህትና በአፌ ነግሬያታለሁ፣ ደብዳቤውን ስትሰጥሽ እሷ ታድርስልኝ። እኔ ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። የማልደውልልሽ ድምፄ ስለሚያሳጣኝ ነው። ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ነው፣ አትሳቂ።

እናትሽ መናኸሪያ ድረስ መጥተው «በዳሳ፣ ሳያቴ ለመስቀል ከባሏ ጋር ትመጣለች፣ ሕፃንም ይዛለች። በደሌ ሄደህ አንተው አምጣልኝ፣ ሌላ ሹፌር አላምንም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? መቱ ውስጥ ከኔ የሚሻል ሹፌር እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን መኪናዬ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ፣ አለዚያ እኔ ያንን መንገድ አልችለውም።

ሻርፑን አልረሳሽውም አይደል? አባትሽ ጋሼ መክብብ ጌም ቤት፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ምስሏ አረንጓዴ የሆነባት አሮጌ ቲቪ። ሌላው ሁሉ ኳስ ላይ ሲጯጯህ እኔና አንቺ ሻርፑ ላይ ነበርን። የጌሙን ትክክለኛ ስም ማን ያውቀዋል፣ ቀይ ሻርፕ ስላደረገ ሻርፑ አልነው። በታንኳ ከደሴት ደሴት እየዞረ የተሰረቀች ፀሐይ የሚፈልግ ልጅ። ወደቡ ላይ ደግሞ መብራት እያበራች የምትጠብቀው ልጅ።

ጆይስቲኩ የኔ፣ እንግሊዝኛው ያንቺ። «ሽማግሌው ቁልፉ ከፏፏቴው ጀርባ ነው እያለህ ነው» ትያለሽ፣ እኔ እዘላለሁ። ፏፏቴውን በአገራችን ፏፏቴ ስም ሶር ብለን ነበር የምንጠራው። ያንን ሶር ያለፈ እኔ ብቻ ነኝ! ከጎሬ ሳይቀር ሊያዩኝ ይመጡ ነበር፣ እንዳትክጂ። «አቦ አንተ ጉረኛ፣ አሁን ወድቀህ ብትሞት እንዴት ደስ ይለኛል» ትይኝ ነበር። የወደቅኩት ግን አንቺ ስታወሪ ብቻ ነው።

የጨረስነው ቀን ሻርፑ ፀሐይዋን መልሶ ሰቀላትና በታንኳው ሄደ። ልጅቷ ወደቡ ላይ ቀረች። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጭ ጽሑፍ መጣ። እኔ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። የጌም ቤቱን አቧራ ታውቂዋለሽ።

«ምን ይላል?» አልኩሽ።

ጽሑፉን አየሽ። እኔን አየሽ። «ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሶ መጣ፣ አብረው ኖሩ ይላል» አልሽኝ።

አግዳሚው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። አባትሽ «ውረድ አንተ ቅሌታም፣ ሰበርከው እኮ!» እያሉ በጫማ ሲያባርሩኝ እንኳን እየሳቅኩ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ለኔ ሻርፑ ማለት ሄዶ የሚመለስ ሰው ነው። ዱጋ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ በሕይወቴ ያመንኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አደግን። እንደምወድሽ መቱ ሙሉ ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔ ብቻ ነኝ በአፌ ያላልኩት። በዛ ሁሉ አፍ! ወርቅ ቁፋሮ ልሄድ ስነሳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሽኝ። በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«አታስቢ! እንደ ሻርፑ ነው የምሄደው!» አልኩሽ።

«እንደ ሻርፑ?»

«አዎ! ቃሌ ነው!»

«ማሎ በዳሳ፣ እባክህ ሌላ ነገር በል።»

«ሌላ ምን አለ? እንደ ሻርፑ አልኩሽ እኮ!»

መኪናው ሳይንቀሳቀስ እያለቀስሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሄድሽ። እኔ ፍቅር ነው ያስለቀሳት ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ስጎርርበት ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ኔትወርክ የለም። ሁለት ክረምት ቆይቼ ስመጣ የሰርግሽ ድንኳን ፈርሷል። ምን እንዳልኩ ሰምተሽ ይሆናል። ሻርፑን መጠበቅ አቃታት እያልኩ ያላማሁሽበት ቤት የለም።

አሁን በቅርቡ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሻርፑን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። መናኸሪያ ተራ እየጠበቅኩ እጫወተዋለሁ፣ ተሳፋሪ ሲሰድበኝ ነው የምነሳው። ሙዚቃው ሲጀምር ያቺ ቲቪ፣ ያ አግዳሚ፣ አጠገቤ የነበረው ትከሻሽ፣ ሁሉም ይመጣብኛል። ሶርን በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት፣ እጄ አልረሳም። ጨረስኩትና ጽሑፉ መጣ። እኛ ግቢ የተከራየች ገሊላ የምትባል ነርስ አለች፣ ለሷ አሳየኋት። ልጎርር እኮ ነው!

«ተመልሶ አብረው ኖሩ ነው አይደል የሚለው?»

«ኧረ የለም። ሄደ፣ ሳይመለስም ቀረ። ልጅቷ እስከ ዛሬ መብራቱን ታበራለች ይላል።»

«በደንብ አንብቢው!»

«በዳሳ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው፣ ደግሜ ባነበው አይቀየርም።»

ስልኩን ተቀብያት መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። በሩን ቆለፍኩት።

ሳያት፣ እንዳላለቅስ ብለሽ ነው የዋሸሽኝ፣ ገብቶኛል። መናኸሪያ ላይ ስጮህ ደግሞ እስከዛ ድረስ እውነቱን ከሆነ ሰው ሰምቷል ብለሽ አስበሻል። ከማን ልስማ? እንግሊዝኛዬ አንቺ ብቻ ነበርሽ! እኔ እመለሳለሁ ብዬ ስጮህ አንቺ የሰማሽው አልመለስም ነው። ሌላ ነገር በል አልሽኝ፣ ለምነሽኛል፣ እኔ ያንኑ ደገምኩልሽ። ያገባሽውም የማይመለስ ሰው አልጠብቅም ብለሽ ነው። ልክ ነሽ። ማንም ጤነኛ ሰው ያደርገዋል።

እንድትመልሽልኝ አይደለም የጻፍኩት። ትዳርሽን እንድትነኪም አይደለም፣ እንደሱ ያለ ሰው አይደለሁም። ልመለስ እንደነበር ብቻ እወቂልኝ። ጭቃ ውስጥ ተኝቼ እንኳን የማስበው ስመለስ መናኸሪያ ላይ ምን እንደምትለብሺ ነበር።

እመጣለሁ። መኪናዋን አጥቤ፣ ወንበሩን አጽድቼ፣ በጠዋት በደሌ እደርሳለሁ። ባልሽን አንቱ እለዋለሁ፣ ሕፃኑን እስማለሁ፣ እንዳይነቃ ጡሩምባ አልነካም። አንድ ነገር ብቻ፣ ማሎ፦ ጋቢና አትግቢ። ጋቢና ባልሽ ይግባ። አንቺ ከኋላ፣ መስታወቱ የማያሳየኝ ቦታ ተቀመጪ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። እኔ አንደኛ ሹፌር ነኝ፣ ግን እያየሁሽ መንዳት አልችልም።

እናትሽ በር ላይ በሰላም የማወርድሽ፣

በዳሳ