ብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ የመሰከረብኝ ጂፒኤስ

ለተከበሩ የአምቡላንስ ስምሪት ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከነመነጽርዎ፣ ከዚያ ትልቅ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ የሦስት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር ደኅና ነኝ፤ በእርስዎ የጂፒኤስ ሰነድ መሠረት ግን ማክሰኞ ዕለት ስድስት ሰዓት ሙሉ ከመሥሪያ ቤቱ በር ንቅንቅ አላልኩም።

ይህንኑ አምኜ እስከ ሰኞ እንድፈርም፣ ካልፈረምኩም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ መሪ እንዳልጨብጥ ያዘዙበት ወረቀት ደርሶኛል። እንዳልቸገር አስበው እስክሪብቶም አያይዘው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አልፈርምም። ምክንያቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሳተላይቶቹ ከላይ ሆነው እያንዳንዳችንን እንደሚያዩን በስብሰባ ላይ ያስተማሩንን አልረሳሁም። መሬት ሲለካ በየቀኑ በዚሁ መሣሪያ የሚሠራው ቀያሹ አማቼ ግን ሳተላይት ማንንም አያይም ይላል። የሳተላይት ሥራ እሱ ራሱ የት እንዳለና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሳያቋርጥ መናገር ብቻ ነው። መኪናው ላይ ያለው ጂፒኤስ ያንን ይሰማል፤ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ያሰላል፤ ቢያንስ አራት ሳተላይቶችን ከሰማ ያለበትን ቦታ ያውቃል። መርከበኛውም፣ አብራሪውም፣ በስልኩ ሰፈር የሚያፈላልገው እንግዳም የሚመሩት በዚሁ ነው። ወሬውን ለስክሪንዎ የምታደርሰው መሣሪያው ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ ናት እንጂ ሰማይ በማንም ላይ አያሳብቅም።

፪. ያ ምልክት ከሩቅ ስለሚመጣ እጅግ ደካማ ነው፤ ብረት አያልፍም። እርስዎ ደግሞ መሣሪያው እንዳይሰረቅ በመሥጋት ማክሰኞ ጠዋት ከፊት መስታወቱ ሥር አስነቅለው፣ ከወንበሬ በታች በተበየደ ወፍራም የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከሌባ የተሸሸገው ዕቃ ከሰማይም ተሸሸገ፤ ሲም ካርዷም አብራ ታፈነች። ስክሪንዎ አዲስ ወሬ ሲያጣ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ቀረ። ስለ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እውነትም እስካሁን አልተሰረቀም።

፫. በእነዚያ ስድስት ሰዓታት አራት ሕሙማን አመላልሻለሁ። አንዷ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያነሳናት ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ሆስፒታል ሳንደርስ ድልድዩ ላይ ወለደች። አብራን የነበረችው አዋላጅ ነርስ መኪናውን ጥግ አስይዛኝ፣ «ወንድሜ፣ ዞር ብለህ ብታይ ወዮልህ!» እያለች ሥራዋን ስትሠራ፣ እኔ ወንዙን ሳይ ነበር። የሕፃኗ የልደት ወረቀት ድልድዩን ይጠቅሳል። በእርስዎ ሰነድ ከሄድን ግን የተወለደችው እርስዎ በር ላይ ነው፤ ጎረቤት ሆነው አራሷን ሳይጠይቁ መቅረትዎ ከእርስዎ አይጠበቅም።

፬. ባልደረቦቼ «ሐውልቱ» ብለውኛል። ዘበኛው እንኳ ጠዋት ጠዋት «ሐውልቱ፣ ዛሬስ ትራመዳለህ?» ይለኛል። ቀልዱን ችዬዋለሁ። ያልሠራሁትን ጥፋት ሠርቻለሁ ብሎ መፈረም ግን ቀልድ አይደለም፤ ከእንግዲህ ምጥ የያዛት ሴት ስትደውል ማን እንደሚደርስላት የሚወስን ነገር ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከአዋላጇ፣ ከእናቲቱና ከሕፃኗ ጋር በሩ ላይ እገኛለሁ። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ ብቻ ነውና ይዘውልን ይውጡ። ሳጥኑ በሰው ፊት ይከፈት፤ መሣሪያው ሰማይ ይይ፤ ከዚያ ማን የት እንደነበር እንነጋገራለን።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
በመንገድ ላይ ሲሠራ የዋለው፣ በሰነድ ላይ ግን ቆሞ የቀረው
የሦስት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር

ማስታወሻ፦ ሳጥኑን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በገዛ እጅዎ የዘጉት በሩ ላይ ቆመው ነው። በመሆኑም መሣሪያው አልዋሸም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሰማይ ያየበትን፣ እርስዎም ክዳኑን የጫኑበትን ቦታ አንድም ሳያዛንፍ መዝግቧል። በዚያች ነጥብ ላይ መፈረም ያለበት ሰው ካለ፣ እስክሪብቶዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ።